ባለ ሦስት ቀለሙ ስፕሪስ በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?



የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነው እንጂ የምግብ ባለሙያ ወይም የኬሚስትሪ ተማሪ አይደለም። ስለዚህ ከሳይንስ ፋኩልቲ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ለእናንተ የአንደኛ ዓመት ትምህርት መሆኑን አውቃለሁና ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። እኔ ነገሩን የተማርሁት በክፍል ውስጥ ሳይሆን በአክስቴ ፊት አፍሬ ነው።

ባለፈው ሁዳዴ አክስቴ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለው ደጋ አገር ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መጥተው በእኛ ቤት ሰንብተው ነበር። በልጅነቴ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሐኪሙ ሰውነታቸው እጅግ መክሳቱን ገልጦ፣ ጾሙን ትተው ወተትና እንቁላል ቢወስዱ መልካም እንደ ሆነ ቢመክራቸውም እሳቸው ግን፣ «ጾሙን ስንት ዓመት ይዤው ኖሬ ዛሬ ለሥጋዬ ብዬ አልፈታም» ብለው እንቢ አሉ። ከሐኪም ቤት ስንመለስ በመንገዳችን ካለ አንድ ጁስ ቤት መስኮት ላይ የተደረደሩትን ብርጭቆዎች አይተው ቆሙ። ከሥር አረንጓዴ፣ ከመካከል ቢጫ፣ ከላይ ቀላ ያለ፤ እርስ በርሱ ሳይቀላቀል እንደ ተነጠፈ ጨርቅ ተደራርቧል። ጥቂት አስተዋሉና፣ «ባንዲራውስ ባንዲራ ነው፤ ግን ምነው ገልብጠው ሰቀሉት?» አሉ። የጾም መሆኑን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ዋጋውን ስነግራቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሰዓቱም ቢሆን ገና ዘጠኝ አልሞላም ነበር።

እኔም፣ «አክስቴ፣ ይህንማ እኔ ቤት እሠራልዎታለሁ፤ ባንዲራውንም አቃናዋለሁ» ብዬ ፎከርሁ። በማግሥቱ ጎረቤቶች በተሰበሰቡበት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ አቮካዶውን ለመጠጥ ይመች ብዬ በብዙ ውኃ አቀጥኜ ከሥር ቀዳሁት። የመሸነፌ ነገር ያን ጊዜውኑ ተጀምሯል፤ ባንዲራውን ለማቃናት የፎከርሁት ሰው አረንጓዴውን ከሥር ማድረጌን እንኳ ልብ አላልሁም። ከዚያ ማንጎውን በደንብ ስኳር ጨምሬ ከላይ ስገለብጠው፣ ማንጎው አቮካዶውን ሰንጥቆ እስከ ብርጭቆው ወለል ወረደ። ፓፓያውም ተከተለው። በመጨረሻ በብርጭቆው ውስጥ የቀረው ነገር የክረምት ጎርፍ ይመስል ነበር። አክስቴ ጠጥተው፣ «ጎሽ፣ ልጄ፤ ይጣፍጣል» አሉኝ፤ ግን ግማሹን ብቻ ጠጥተው አስቀመጡት። ሁለተኛው የሐኪም ቀጠሯቸው ለሆሳዕና ሳምንት ስለ ነበር፣ ነገሩን ለማጥናት አንድ ወር ያህል ጊዜ አገኘሁ ማለት ነው።

በመጀመሪያ ያስተዋልሁት ነገር ስፕሪስ የሚለውን ስም ለፍራፍሬ ብቻ የማንጠቀምበት መሆኑን ነው። በየሻይ ቤቱ ቡናና ሻይ በአንድ ብርጭቆ ሲቀርብ ስፕሪስ ይባላል። ይህን ብርጭቆ ሁላችንም በየቀኑ እናየዋለን፤ ሻዩ ከሥር ቀይ፣ ቡናው ከላይ ጥቁር ሆኖ በመካከላቸው መሥመር ይታያል። ሻዩን ከሥር የሚያቆየው ምንድን ነው? መልሱ ስኳሩ ነው። ስኳር የሟሟበት ፈሳሽ ስኳር ከሌለበት ፈሳሽ ይከብዳል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከመቶ ሃያ እጁ ስኳር የሆነ አንድ ሊትር ጣፋጭ ውኃ ግን 1,080 ግራም ያህል ይመዝናል። ልዩነቱ ለእጅ አይታወቅም፤ ለብርጭቆው ግን ይበቃዋል። ከባዱ ከሥር፣ ቀላሉ ከላይ እስከ ሆኑና የሚያማታቸው እስካልመጣ ድረስ መሥመሩ ሳይጠፋ ብዙ ደቂቃ ይቆያል።

የሚጠራጠር ሰው ቢኖር በአምስት ደቂቃ ሊሞክረው ይችላል። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አራት ማንኪያ ስኳር አሟሙቶ በቀይ ሥር ውኃ ያቅላው። በሌላ ብርጭቆ ምንም ስኳር የሌለበት ውኃ ያዘጋጅ። ስኳሩ ያለበትን እስከ ግማሽ ቀድቶ፣ ሌላውን በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያደረገ ያንጠባጥብበት፤ ከላይ ይቆምለታል። ከዚያም በግልባጩ ይሞክረው፤ ቀዩ እንደ ጭስ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ሲወርድ ያያል። በቤታችን የሆነው ይኸው ነው። ስኳር የጨመርሁበትን ማንጎ በቀጠነ አቮካዶ ላይ አፈሰስሁት፤ ከባዱን በቀላሉ ላይ ጫንሁት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በዚያ ጁስ ቤት መስኮት አቮካዶው ከሥር ነበር፤ አቮካዶ ደግሞ ከሦስቱ ሁሉ ጣፋጭነቱ ያነሰ ነው። ከመቶ ግራም አቮካዶ ውስጥ ስኳሩ አንድ ግራም አይሞላም፤ ቅባቱ ግን 15 ግራም ያህል ነው። ቅባት ደግሞ የሚንሳፈፍ ነገር ነው። ታዲያ እንዴት ከሥር ይቆማል? የሚቆመው በክብደቱ ሳይሆን በውፍረቱ ነው። በደንብ የተፈጨና ውኃ ያልበዛበት አቮካዶ ካልገፉት በቀር ከቦታው የማይንቀሳቀስ፣ እንደ ገንፎ ያለ ነገር ነው፤ ማንጎው ሊሰነጥቀው ጉልበት አይኖረውም። ባለ ጁስ ቤቶቹ የሚተማመኑት በዚህ ነው፤ አቮካዶውን እንደ መሠረት ያስቀምጡታል። ስለዚህ የሚያቆሙት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ ጣፋጭነት የሚያመጣው ክብደትና ውፍረት። ሁለቱን ያወቀ ሰው ቀለሞቹን በፈለገው ተራ ሊደረድራቸው ይችላል። እኔ የፈለግሁት አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመካከል፣ ቀዩ ከሥር እንዲሆን ነው።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት የሥነ ጽሑፍ ተማሪነቴ እንዳይረሳ ስለ ስሞቹ አንድ ሁለት ቃል ልናገር። አቮካዶ የሚለው ስም የመጣው የሜክሲኮ ጥንታውያን ሰዎች ከሚናገሩት ከናዋትል ቋንቋ ነው፤ ዛፉም የዚያው አገር ነው። ወደ አገራችን የገባው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1938 በግል አትክልተኞች እጅ በሂርናና በወንዶ ገነት እንደ ሆነ ይጻፋል። ፓፓያም የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ ነው። ማንጎ ግን ከሕንድና ከበርማ ወገን የተገኘ ሲሆን ስሙን ከደቡብ ሕንድ ቋንቋ ወስደው ለዓለም ያዳረሱት ፖርቱጋሎች ናቸው። ሎሚውም የእስያ ነው። እንግዲህ አክስቴ ባንዲራችን ነው ብለው ያዩት ብርጭቆ ከሁለት ክፍላተ ዓለም የተሰበሰበ ነበር። ይህን ስነግራቸው ብዙም አልገረማቸውም።

አሁን ወደ ገበያ እንሂድ። አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚያ ነው።

አቮካዶ ዛፉ ላይ ሳለ አይበስልም፤ የሚበስለው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ስለዚህ በገበያ ድንጋይ የመሰለ አቮካዶ ቢያጋጥማችሁ አትናቁት፤ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ይደርሳል። ለማፍጠን ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ሙዙ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጣ አቮካዶውን ያነቃዋል። መብሰሉን ለማወቅ በጣት ጫፍ አትውጉት፤ ይጠቁራል፤ ነጋዴይቱም በትክክል ትቆጣችኋለች። በመዳፍ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጨበጥ ስታደርጉት እሺ ካለ ደርሷል። በውስጡ ክር የበዛበትን ወይም የጠቆረውን ክፍል ያለ ርኅራኄ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ አንዲት ማንኪያ የተበላሸ አቮካዶ መላውን ታመራለች።

ማንጎን በሚመለከት የአገር ውስጡ ማንጎ ሽታውና ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ችግሩ ጭረቱ ነው። ከተፈጨ በኋላ በማጥለያ ካልተጠለለ በጥርስ መካከል ይገባል። ቶሚ አትኪንስ፣ ኬንት፣ ኪትና አፕል ማንጎ የሚባሉት የተሻሻሉ ዓይነቶች ጭረታቸው ያነሰ ስለ ሆነ ሥራ ያቃልላሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። እኔ የአገሩን ገዝቼ ማጥለሉን እመርጣለሁ። ፓፓያው ልጣጩ ከግማሽ በላይ ቢጫ የሆነ ይሁን። ጥቋቁሮቹን ፍሬዎች አንድም ሳታስቀሩ አውጡ፤ ከተፈጩ እንደ ቁንዶ በርበሬ ያቃጥላሉ።

ስለ ንጽሕና አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ባለፈው ዓመት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ በታይፎይድ ታሞ ፈተና አምልጦታል፤ ሐኪሙም አስቀድሞ የጠየቀው ምን ውኃ እንደ ጠጣ ነበር። ፍራፍሬው ከመላጡ በፊት ከነልጣጩ ይታጠብ፤ ቢላዋው በልጣጩ ላይ ያለውን እድፍ ይዞት ወደ ውስጥ ይገባልና። የምትጨምሩት ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። በረዶ የምትጨምሩ ከሆነም በረዶው ከተፈላ ውኃ የተሠራ ይሁን፤ ውኃው በረዶ ሆነ ማለት ጀርሙ ሞተ ማለት አይደለም።

ለአራት ብርጭቆ የሚበቃው መጠን ይህ ነው። ከተላጠና ፍሬው ከወጣ በኋላ 400 ግራም ፓፓያ፣ 400 ግራም ማንጎ፣ 300 ግራም አቮካዶ፤ እንዲሁም ሁለት ሎሚ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ብርጭቆ የማይሞላ ውኃ። ሚዛን የሌለው ሰው ሁለት መካከለኛ አቮካዶ፣ ሁለት ትልልቅ ማንጎና አንድ መካከለኛ ፓፓያ ቢገዛ አይጎድልበትም።

ፓፓያውን ያለ ውኃ ፈጭታችሁ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት። ስኳሩ በዚህ ላይ የበዛበት ምክንያት አለው። በተፈጥሮው ማንጎ ከመቶ 14 እጅ ያህል ስኳር ሲኖረው ፓፓያ 8 እጅ ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ እንዲሁ ቢተው ከማንጎ ሥር አይቀመጥም። በ400 ግራም ፓፓያ ውስጥ ያለው 32 ግራም ስኳር ነው። አራቱ ማንኪያ 50 ግራም ያህል ስለሚሆን በጠቅላላው በ450 ግራም ውስጥ 82 ግራም፣ ማለትም ከመቶ 18 እጅ ይሆናል። አሁን ፓፓያው ከማንጎው ከበደ ማለት ነው። ይህችን ሒሳብ በሌሊት በመኝታ ክፍሌ ስሠራ የተሰማኝን ደስታ በፈተና ጊዜ እንኳ አላገኘሁትም። ፓፓያው ደግሞ በራሱ ለዛው ደብዘዝ ያለ ስለ ሆነ ስኳሩና ሎሚው ጣዕሙንም ያነሡለታል። ጥቂት ደቂቃ ሲቀመጥ በውስጡ ባለው ፔክቲን ምክንያት ረጋ ይላል፤ ይህም ይጠቅመናል።

ማንጎውን በሁለት ማንኪያ ውኃ ብቻ ፈጭታችሁ አጥልሉ፤ ስኳር አትጨምሩበት። አቮካዶውን በመጨረሻ ከቀሪው ውኃ፣ ከአንዱ ማንኪያ ስኳርና ከአንድ ሎሚ ጭማቂ ጋር ፍጩት። መጨረሻ የሚሆነው አየር ሲነካው ስለሚጠቁር ነው፤ የሎሚው ኮምጣጣነት ጥቁረቱን ያዘገየዋል። ፍሬውን በውስጡ ማስቀመጥ ከመጥቆር ያድነዋል የሚባለው ግን ፍሬው ከሸፈነው ቦታ አልፎ አይሠራም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ። ሦስቱንም በየዕቃቸው ከድናችሁ ማቀዝቀዣ ካለ ግማሽ ሰዓት አቆዩአቸው፤ ሲቀዘቅዙ ይወፍራሉ። ውፍረታቸውን ለመፈተን ማንኪያ ሙሉ ወስዳችሁ ገልብጡ። ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቀስ ብሎ ከወረደ ደኅና ነው፤ እንደ ወተት ከፈሰሰ ቀጥኗልና ፍሬ ጨምሩበት።

ብሌንደር የሌለው ወንድም ተስፋ አይቁረጥ፤ በእኛ መኝታ ክፍልም የለም። አቮካዶ በሹካ በደንብ ይደቅቃል፤ ማንጎና ፓፓያ በማጥለያ ላይ በጭልፋ ጀርባ እየተጫኑ ይወርዳሉ። የሚጠይቀው ክንድና ግማሽ ሰዓት ነው። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ባለ ብሌንደሩና እኛ እኩል ነን።

አቀዳዱ እንደሚከተለው ነው። ብርጭቆው ጠባብና ረዥም ቢሆን ይመረጣል። ፓፓያውን እስከ ሢሶው ቀድታችሁ ብርጭቆውን በጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ በማድረግ ላዩን አስተካክሉ። ማንጎውን ከከፍታ አታፍስሱ። ማንኪያውን የብርጭቆውን ግድግዳ አስነክታችሁ፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ በላዩ ላይ ጥቂት በጥቂት አንሸራትቱት። ማንኪያው መካከሉን ሳይሆን ዳሩን ይከተል፤ ዳሩ ከተያዘ መካከሉ በራሱ ይሞላል። አቮካዶው ወፍራም ስለ ሆነ አይፈስም፤ በማንኪያ እየጨለፋችሁ ቀስ አድርጋችሁ አኑሩት። ስትቸኩሉ እጃችሁ ከፍ ይላል፤ እጅ ከፍ ካለ የሚወርደው ነገር ጉልበት ያገኝና የታችኛውን ይበጠብጣል። እኔ ሁለት ብርጭቆ ያበላሸሁት በዚህ ነው።

ከላይ ቪምቶ የምትወዱ እንደ ፈቃዳችሁ። ነገር ግን ሽሮፑ በስኳር የከበደ ስለ ሆነ የብርጭቆውን ግድግዳ እየተከተለ ወደ ታች ይወርዳል፤ መሥመሩ እንዲጠራ የሚፈልግ ሰው ይተወው። በፍስክ ወተት ጨምሮ መፍጨት የለመዳችሁም በፓፓያው ላይ ግን አታድርጉት። ፓፓያ ውስጥ ያለው ፓፔይን የሚባል ነገር የወተቱን ፕሮቲን ስለሚሰባብረው ወተቱ ይቋጥራል፣ ይመራልም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በቤታችሁ ካለ ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

አክስቴ በሆሳዕና ሳምንት መጡ። ከበፊቱም ከስተው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብርጭቆውን አቀረብሁላቸው፤ አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመካከል፣ ቀላ ያለው ከሥር። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ጥቂት ካዩት በኋላ፣ «አሁን ተቃና» አሉ። ከዚያም ማንኪያውን አንሥተው እስከ ወለሉ ድረስ ከትተው አማሰሉት። እኔ በድንጋጤ፣ «ኧረ አክስቴ፣ ምነው!» ብል፣ «ታዲያ ሆድ ገብቶ ይቀላቀል የለም እንዴ፣ የእኔ ጌታ?» አሉኝ። ብርጭቆውን ጨርሰው ጠጡት። እስከ ፋሲካ በየቀኑ አንዳንድ ብርጭቆ ሠራሁላቸው። መቶ ግራም አቮካዶ 160 ካሎሪ ያህል ስለሚሰጥ፣ ከሳምንት በኋላ የአቮካዶውን ድርሻ ከፍ አደረግሁት፤ ለባንዲራው ስል ሳይሆን ለእሳቸው ስል። የፊታቸውም መልክ እየተመለሰ ሄደ።

ለመመለስ ሲነሡ የአቮካዶውን ፍሬዎች አጥበው በጨርቅ ቋጥረው አገኘኋቸው። ከፍሬ የተተከለ አቮካዶ ለማፍራት አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ እንደሚፈጅ፣ ፍሬውም እናቱን ላይመስል እንደሚችል ነገርኋቸው። የደጋው ውርጭ ገና ችግኝ ሳለ እንደሚፈጀውም አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ ጨርቁን አጥብቀው አሰሩና ከልብሳቸው መካከል አስገቡት።